መስታወት ለመታጠፍ ምን ከፈለ?

እስኪ የስልካችሁን ስክሪን ጥግ ጥጉን ተመልከቱት። ስንጥቅ አለው? ካለው ብቻችሁን አይደላችሁም። «የስልክ መስታወት» ሲባል ከአብዛኞቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ተሰበረ» ነው። ከእጅ አመለጠ፣ ከኪስ ወደቀ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀመጥንበት፤ በቃ፣ አለቀ።

ያው መስታወት ግን ዛሬ እንደ ደብተር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ እንደ ቦርሳ መስታወት እጥፍ ብሎ ኪስ ሲገባ እያየን ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ ታጣፊ ስልኩን ቀጭ እያደረገ ሲከፍትና ሲዘጋ ያላያችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። ማስታወቂያው ደግሞ «እውነተኛ መስታወት ነው፣ 200 ሺህ ጊዜ ይታጠፋል» ይለናል።

ውሸት ነው ልላችሁ አይደለም። መስታወቱ እውነትም መስታወት ነው፤ እውነትም ይታጠፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። መስታወቱ መታጠፍን በነፃ አላገኘም፤ ሌላ ነገር ከፍሎ ነው። ምን እንደከፈለ ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቀሪውን ሂሳብ ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ሂሳብ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፕላስቲክ ነው

ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ጋላክሲ ፎልድ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ዋጋው 1,980 ዶላር ነበር። ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው ስልክ የሚታጠፈው ስክሪኑ ላይ መስታወት አልነበረውም፤ ሽፋኑ ፖሊይማይድ የሚባል ፕላስቲክ ነበር። ስልኩ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በኤፕሪል ወር ለቴክኖሎጂ ጋዜጠኞች እንዲሞክሩት ተሰጣቸው። በቀናት ውስጥ የጥቂቶቹ ስክሪን ተበላሸ።

አንዳንዶቹ ከላይ ያለውን ስስ ፕላስቲክ አዲስ ስልክ ላይ ተለጥፎ እንደሚመጣው ላስቲክ ቆጥረው ላጡት። አይፈረድባቸውም፤ እኛስ አዲስ ዕቃ ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው ላስቲኩን መላጥ አይደል? እዚህ ግን የተላጠው የስክሪኑ አካል ነበር። ሌላ ስልክ ላይ ደግሞ በማጠፊያው በኩል የገባ ባዕድ ነገር ስክሪኑን ከሥር አሳበጠው። ሳምሰንግ ሽያጩን አዘገየ። የሽፋኑን ጠርዝ በጥፍር እንዳይያዝ ከፍሬሙ ሥር አስገባው፤ የማጠፊያውን ጫፎች በክዳን ሸፈነ። ስልኩ ገበያ የወጣው በሴፕቴምበር ነው።

ፕላስቲክ ይታጠፋል፤ ችግሩ ለስላሳ መሆኑ ነው። በቀላሉ ይጫራል፤ ተደጋግሞ ሲታጠፍ ቅርጹ ይቀየራል፤ ጣት ሲነካውም የመስታወት ስሜት የለውም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ወደ መስታወት ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የወጣው ጋላክሲ ዜድ ፍሊፕ እጅግ ስስ መስታወት ይዞ መጣ። ውፍረቱ 30 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት 100 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ስለዚህ መስታወቱ የወረቀቱን ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይወፍራል።

የታጠፈው ስለለሰለሰ አይደለም

ትኩስ እንጀራ ይጠቀለላል፤ ድርቆሽ ሲሆን ይሰበራል። እንጀራ የሚታጠፈው ለስላሳ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ታጣፊ ስልክ ላይ ያለውም መስታወት በሆነ ኬሚካል የለሰለሰ ይመስለዋል። አይደለም። ያ መስታወት ቢለኩት ግትርነቱ የመስኮታችሁ መስታወት ዓይነት ነው። እንዲታጠፍ ያስቻለው ስስነቱ ነው።

እስኪ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ፤ የሰባተኛ ክፍል ማካፈል ነው፣ አትሽሹ። አንድ ነገር ሲታጠፍ ውጫዊ ገጹ ይለጠጣል፣ ውስጣዊው ይታመቃል። ውጫዊው ገጽ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ለማወቅ የመስታወቱን ውፍረት ለመታጠፊያው ሬዲየስ እጥፍ ማካፈል ነው። ሬዲየሱ 1.5 ሚሊሜትር ነው እንበል፤ እጥፉ 3 ይሆናል። 30 ማይክሮን ማለት 0.03 ሚሊሜትር ስለሆነ 0.03ን ለ3 ስናካፍል አንድ በመቶ እናገኛለን። የተለመደው የስልክ መስታወት ደግሞ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። 0.6ን ለ3 ስናካፍል 20 በመቶ ይመጣል። መስታወትን 20 በመቶ ተለጠጥ ማለት ዘበት ነው፤ መታጠፍ ሳይጀምር ይፈረካከሳል።

አንድ በመቶም ቢሆን ቀላል አይደለም። መስታወት ግትር ስለሆነ አንድ በመቶ ለመለጠጥ 700 ሜጋፓስካል ገደማ ውጥረት መሸከም አለበት። በሌላ አባባል በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንደማንጠልጠል ነው። ተራ የመስኮት መስታወት የዚህን አንድ አሥረኛ እንኳ ይችላል ብላችሁ አትተማመኑበት። ስለዚህ ማሳሳት ብቻውን አይበቃም፤ የሳሳውን ደግሞ ማጠንከር ያስፈልጋል።

ጠላቱ የማይታይ ስንጥቅ ነው

እዚህ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ጥናት ይመጣል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት የመስታወት ክሮችን እየሳበ፣ እያቀጠነ፣ እየበጠሰ ፈተነ። ቀጭኑ ክር ከወፍራሙ ጋር ሲነጻጸር በስፋቱ ልክ የሚሸከመው ኃይል ወደ 20 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ግሪፊዝ የደረሰበት መደምደሚያ መስታወት የሚሰበረው በተፈጥሮው ደካማ ስለሆነ አይደለም የሚል ነው። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ስንጥቆች ስላሉበት ነው። ኃይሉ ሁሉ እየተሰበሰበ እዚያች የስንጥቅ ጫፍ ላይ ያርፋል።

መርካቶ ጨርቅ ተራ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ነጋዴው ጨርቁን ለክቶ ጫፉን በመቀስ ትንሽ ነካ ያደርግና ቀሪውን በእጁ ጨርር አድርጎ ይተረትረዋል። ያቺ ትንሽ ቁረጥ ባትኖር ጨርቁን በእጅ መቅደድ ያታግለው ነበር። መስታወት ላይ ያለች ጭረትም እንደዚያች የመቀስ ንክሻ ናት።

ስለዚህ የሚታጠፍ መስታወት የሚሠሩ ሰዎች የመጀመሪያ ጭንቀታቸው ጭረት እንዳይፈጠር ነው። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን ማይንዝ ከተማ ያለው ሾት ነው፤ ሌላው የአሜሪካው ኮርኒንግ ነው። በአንደኛው ዘዴ የቀለጠው መስታወት በጠባብ ክፍተት በኩል ወደ ታች ይሳባል፤ ገጹን ምንም ነገር ሳይነካው እየቀዘቀዘ እንደ ሪባን ይወርዳል። ከዚያ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይቀራሉ። እነሱን ደግሞ በአሲድ አጥበው ያለሰልሷቸዋል።

ቀጥሎ የጨው መታጠቢያ ይመጣል። መስታወቱ 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በደረሰ የቀለጠ ፖታሺየም ናይትሬት ውስጥ ይነከራል። በመስታወቱ ገጽ ላይ ያሉት ትናንሽ የሶዲየም አዮኖች እየወጡ በቦታቸው ተለቅ ያሉ የፖታሺየም አዮኖች ይገባሉ። ይህን ለመረዳት ሚኒባስ ታክሲ በቂ ነው። ቀጫጭን ተሳፋሪዎች ወርደው በዚያው ወንበር ወፋፍራሞች ሲገቡ አስቡት፤ ረዳቱም «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ይተፋፈጋል። እንዲህ በታመቀ ቦታ ስንጥቅ መከፈቻ አያገኝም። መስታወቱ ሲታጠፍ የሚመጣው ውጥረት መጀመሪያ ያንን እምቅ ኃይል ማሸነፍ አለበት።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኮርኒንግ በ1960ዎቹ ሠርቶት፣ በቂ ገበያ ሳያገኝለት ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያው አይፎን ሲመጣ ነው ከመደርደሪያ ወርዶ የስልክ መስታወት የሆነው። ብዙዎቻችሁ ጎሪላ ግላስ በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ።

ሂሳቡ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው

እስካሁን ሁሉም ጥሩ ነው። መስታወቱ ሳሳ፣ ጸዳ፣ ታመቀ፣ ታጠፈ። ታዲያ የከፈለው ምንድን ነው?

ስስ ነገር በሰፊው ሲታጠፍ ይችላል፤ በአንድ ነጥብ ላይ ሲወጋ ግን አይችልም። ሳህን ላይ የተወጠረ የምግብ ላስቲክ አስቡ፤ በመዳፍ ብትጫኑት ይችላችኋል፣ በስክሪብቶ ጫፍ ብትነኩት ይበሳል። የመስታወት ሳህን ግትርነት ከውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ነው የሚሄደው። ይህም ማለት ውፍረቱ በ20 እጥፍ ሲቀንስ መስታወቱ በ8,000 እጥፍ በቀለለ ኃይል ይጎብጣል። ለማጠፍ የፈለግነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የብዕር ጫፍ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ሲጫነው እዚያችው ነጥብ ላይ በጣም ጠባብ ጉብጠት ይፈጠራል። ከሥሩ ያለውም ለስላሳ ማጣበቂያና ፕላስቲክ ስለሆነ አይደግፈውም። መስታወቱ በዚያች ነጥብ ይሰነጠቃል።

የጨው መታጠቢያውም ቢሆን የሚችለውን ያህል ነው የሚረዳው። በወፍራም መስታወት ላይ የታመቀው ክፍል በአሥር ማይክሮኖች የሚቆጠር ጥልቀት ሊኖረው ይችላል። ጠቅላላ ውፍረቱ 30 ማይክሮን በሆነ መስታወት ላይ ግን ያን ያህል ጥልቀት ከየት ይምጣ? የታመቀው ክፍል ስስ ነው፤ ትንሽ ጠለቅ ያለ ጭረት አልፎት ይገባል።

ለዚህ ነው አምራቾቹ መስታወቱን ራቁቱን የማይተዉት። ከላዩ ፕላስቲክ ያለብሱታል። ይህች ነጥብ ብዙ ሰው የሚስታት ናት፤ ታጣፊ ስልክ ላይ «መስታወት ነካሁ» ስትሉ ጣታችሁ የሚያርፈው ፕላስቲክ ላይ ነው። ዜድ ፍሊፕ እንደወጣ ዩቲዩብ ላይ ስልክ በመፈተን የሚታወቅ ሰው ስክሪኑን በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ሲጭረው፣ ጭረቱ በደረጃ 2 ታየ፣ በደረጃ 3 ጠለቀ። የተለመደ የስልክ መስታወት የሚጫረው በደረጃ 6 አካባቢ ነው። የሰው ጥፍር ራሱ 2.5 ገደማ ነው። ሰዉ «መስታወት አይደለም፣ ተታለልን» ብሎ ተንጫጫ። መስታወቱ ግን ነበረ፤ የተጫረው ከላይ የለበሰው ልብስ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2021 ዜድ ፎልድ 3 ላይ ብዕር ሲፈቅድ የተለመደውን ኤስ ፔን አልፈቀደም። ጫን ሲሉት ጫፉ ወደ ውስጥ የሚሸሽ ልዩ ብዕር ሠራ። አምራቹ ራሱ ብዕር የሚፈራ ከሆነ እኛ ደግሞ ቁልፍና ሳንቲም ብንፈራ አያስወቅሰንም።

ስልኩ የቡድን ሥራ ነው

መስታወቱ ብቻውን አይደለም የሚታጠፈው። ከላይ ፕላስቲክ፣ ከሥር የምስል ክፍሉ፣ ከዚያ ደጋፊ ብረት፤ በየመሃላቸው ደግሞ ማጣበቂያ አለ። ሁሉም በግትር ሙጫ ቢጣበቁ ኖሮ አንድ ወፍራም ሰሌዳ ሆነው አብረው ይሰበሩ ነበር። ማጣበቂያው ለስላሳ የሆነው አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ በጥቂቱ እንዲንሸራተት ነው። መጽሐፍ ስታጥፉ ገጾቹ ይንሸራተታሉ አይደል? ገጾቹን ሁሉ በሙጫ ብታጣብቋቸው እንጨት ይሆናሉ።

ማጠፊያውም የራሱ ድርሻ አለው። ቅድም በሠራነው ሂሳብ ሬዲየሱ በሰፋ ቁጥር መለጠጡ ይቀንሳል። አዳዲሶቹ ማጠፊያዎች ስልኩ ሲዘጋ ስክሪኑ እንደ ውሃ ጠብታ ሰፋ ብሎ እንዲጎብጥ ቦታ ይሰጡታል። የኦፖ ፋይንድ ኤን እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 5 ደግሞ በ2023 በዚህ መንገድ ሄደዋል። ያኔ ስልኩ ያለ ክፍተት ግጥም ብሎ ይዘጋል፤ የእጥፋት መስመሩም ይደበዝዛል።

አሁን ደግሞ መስታወቱን ሁሉንም ቦታ እኩል ከማሳሳት ይልቅ መታጠፊያው ላይ ብቻ አሳስቶ ቀሪውን ወፈር አድርጎ የመተው ሥራ እየገፋ ነው። የሳሳውን ቦታ ብርሃንን ልክ እንደ መስታወት በሚያሳልፍ ማጣበቂያ ይሞሉታል፤ እንዲያ ሲሆን ዓይን ድንበሩን አያየውም። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መታጠፍ ያለበት ይታጠፍ፣ መወጋት የሚያሰጋው ይወፍር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ደወለልኝ። በዴሊቨሪ ሥራ ወራት አጠራቅሞ ሰው ከዱባይ ያመጣው ያገለገለ ታጣፊ ስልክ ሊገዛ ነው።

«ጋሼ፣ መስታወት ነው አይደል? ላዩ ላይ ያለውን ላስቲክ ላጥ አድርጌ ቴምፐርድ ግላስ አስለጥፍበታለሁ» አለኝ።

«እንዳትነካው!» አልኩት። ሁለቱም ሐሳቡ ስልኩን የሚገድል ነበር። ላስቲክ ያለው የመስታወቱ ልብስ ነው። ቴምፐርድ ግላስ ደግሞ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ የሚወፍር ግትር መስታወት ነው። በእኛ ሂሳብ 10 በመቶ ሊለጠጥ ነው፤ የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ይሰበራል፣ ስባሪውም የውስጡን ይወጋል።

ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው። ያገለገለ ታጣፊ ስልክ ስትገዙ ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ በብርሃን አዘንብላችሁ እዩት። እጥፋቱ ላይ አረፋ ወይም የተነሳ ሽፋን ካለ አትቸኩሉ። ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ወይም ሲከፈት የሚንቋቋ ማጠፊያ አሸዋ የገባበት ሊሆን ይችላል። የላይኛው ሽፋን ካረጀ እቤት አትላጡት፤ የሚያውቅ ባለሙያ ይቀይረው።

ሻጩ «ውሃ አይገባውም» ካላችሁ አቧራውንም ጠይቁ። በ2021ዎቹ ታጣፊዎች ላይ ያለው ምልክት አይፒኤክስ8 ነው፤ 8ቱ ስለ ውሃ ሲሆን በአቧራው ቦታ የተቀመጠው ኤክስ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። በ2024ቱ ፎልድ 6 ላይ አይፒ48 ሆኗል። 4ቱ የሚለው ከአንድ ሚሊሜትር የሚበልጥ ቅንጣት አይገባም ነው። የበጋ አቧራችን ደግሞ ከዚያ በብዙ ያንሳል።

የ200 ሺህ ጊዜውም ነገር እንዲሁ ነው። በቀን 100 ጊዜ ብትከፍቱት 2,000 ቀን፣ ማለትም አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል። ግን ያን ፈተና የሠራው ማሽን ነው። ማሽኑ ረጅም ጥፍር የለውም፤ ስልኩን ከቁልፍ ጋር ኪስ አይከትም፤ ዳቦ እየበላ በፍርፋሪ ላይ አይዘጋውም።

የጥገናውንም ነገር አስቡበት። በተለመደው ስልክ የላይኛው መስታወት ብቻ ሲሰበር የሰፈራችን ጠጋኞች አሙቀው፣ በቀጭን ሽቦ ለያይተው፣ መስታወቱን ብቻ ይቀይሩላችኋል። ታጣፊው ላይ ያ 30 ማይክሮን መስታወት ከምስሉ ክፍል ጋር ተለብዶ ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው ሙሉው ስክሪን ነው። ቴሌብራችሁ፣ የባንክ አፕሊኬሽናችሁ፣ የሥራ ጥሪያችሁ ሁሉ በአንድ ስክሪን በኩል የሚያልፍ ከሆነ ያ ስክሪን ሲጨልም የሚቆመው ዩቲዩብ ብቻ አይደለም። አበው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ጊዜም ይሆናል። ፎቶና ስልክ ቁጥራችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ አሮጌዋን ስልካችሁንም ቶሎ አትሽጧት።

እኔ የታጣፊ ስልክ ጠላት አይደለሁም። መስታወት ከወረቀት አሳስተው 70 ኪሎ ያሸከሙት ሰዎች የሠሩት ሥራ ያስደንቀኛል። ነገር ግን «ጠንካራ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለመታጠፍ ጠንካራ የሆነ ለመወጋት ደካማ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ስትገቡ «ይሰበራል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ በፍጹም!» ነው። «በምን ይሰበራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ዝም ካለ፣ መልሱን አሁን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ቸር እንሰንብት!